ሚሊሻውን ማን ይቁጠርለት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው በዚሁ በአንባቢያን አምዳችሁ አንድ ወንድማችን ለሚሊሻ ኢንስፔክሽን (ምርመራ መሆኑ ነው) ምናምን ማለት ከደርግ የተረፈ የካድሬ ስራ ነው፣ ጦርነት መሀል ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ተዋጊውን ከማሰልቸት በቀር ምንም አይፈይድም የሚል ነገር ጽፈው አንብቤ ሲብላላብኝ ሰነበተና ይኸው ብዕር አነሳሁ፣ ብዕር እንኳን አይደለም የልጅ ልጄን ስልክ ተውሼ በአንድ ጣት እየነካሁ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ፊደሉ ቢዛነፍ አዘጋጁ ያቃናልኝ።

ወንድማችን ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ነው የቀላቀሉት። ካድሬው የሚያየው የሰውየውን አፍ ነው፣ ምን አለ፣ ምን አወራ፣ ከማን ጋር ዋለ። ኢንስፔክተሩ የሚያየው ጫማውን ነው። ጫማው ሶል አለው ወይ፣ ዝናሩ ውስጥ ያለው ጥይት ከያዘው መሳሪያ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ትናንት ምን በላ፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ ወይ። በደርግ ጊዜ አዛዡን ከፖለቲካ ኃላፊው ጋር በአንድ ገመድ ያሰሩበት አመራር ጦሩን እንደጎዳው የዛን ዘመን መኮንኖች በየመጽሐፋቸው ጽፈውታል፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ግን ያ የፖለቲካ ጠባቂነት ነው፣ ጥይት መቁጠር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንዱን ጠልተን ሌላውን አብረን ስንጥለው ነው የምንጎዳው።

እኔ ወታደር አልነበርኩም፣ እድሜዬን የጨረስኩት ንብረት ክፍል ነው። ሞዴል 19 ቆርጬ አስገባለሁ፣ ሞዴል 22 ቆርጬ አወጣለሁ፣ አመት ሲያልቅ ቆጠራ፣ በቃ ህይወቴ ይሄ ነበር። ከዛ ስራ አንድ ነገር ገብቶኛል፣ ዕቃ ሁሌ በሌባ አይደለም የሚጠፋው፣ ብዙው የሚጠፋው አይቶ የሚቆጥረው ሰው ስለሌለ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አለ መጋዘኑ ውስጥ የለም፣ ወይ መጋዘኑ ውስጥ አለ ግን የተባለው እሱ አይደለም። ለምሳሌ ጥይትን ውሰዱ። ወረቀቱ ላይ «7.62 ጥይት» ተብሎ ይጻፋል፣ ፈራሚው ይፈርማል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። ችግሩ 7.62 የሚባል ጥይት አንድ አይነት ብቻ አለመሆኑ ነው፣ የክላሹ ቀፎ አጭር ነው 39 ሚሊሜትር፣ ፒኬኤም የሚባለው መትረየስ (ሰው ብሬን እያለ የሚጠራው ማለቴ ነው) የሚጎርሰው ደግሞ ረጅሙን የ54ቱን ነው፣ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። ቢሮ ቁጭ ብሎ ሪፖርት ለሚያነብ ሰው ሁለቱም 7.62 ናቸው፣ ሁለቱም «ጥይት ደርሷል» ናቸው። ልዩነቱን የሚያየው ሳጥኑን ከፍቶ አንዷን አንስቶ መዳፉ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ነው እንግዲህ መርማሪ መኮንን የሚባለው፣ ሌላ ትልቅ ምስጢር የለውም።

በ2013 ክረምት ክተት ታውጆ ሰው ሁሉ ያለውን ይዞ ሲወጣ እኛ ሰፈር አያ የምንላቸው ትልቅ ሰው የአባታቸውን ምንሽር አንግተው ወጡ። ምንሽሯ ደህና ነች፣ ቅባት አይለያትም። ገበያ ላይ የሚገኘው ግን የክላሽ ጥይት ነው፣ ለሷ የሚሆን ስንት ጥይት አለህ ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም፣ መኪናው ላይ ውጣ ተባሉ ወጡ። ዝርዝሩ ውስጥ «አንድ ታጣቂ» ተብለው ተቆጥረው ይሆናል፣ እሱም ከተቆጠሩ ነው። ዝናራቸው ውስጥ ያለችው ግን ለአንድ ጧት የማትበቃ ነበረች።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የታሪክ ንባብ ሱስ ይዞኛል፣ እና ይሄን ነገር ከሌላ አገር ጋር ማስተያየት ስፈልግ ሁሌ የሚመጣልኝ የአሜሪካኖቹ ነው። ለምን አሜሪካ ትሉኝ ይሆናል፣ የዛሬዋን አይደለም የማወራው፣ የድሮዋን ነው፣ ያኔ ክፍለ ሀገሮቻቸው (ስቴት የሚሏቸው) እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሚሊሻ ነበራቸው፣ አዛዡ አገረ ገዢው ነው፣ ሚሊሻው ደግሞ ገበሬና አንጥረኛ ነው፣ መሳሪያውንም ከቤቱ ነው ይዞ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1792 ያወጡት ህግ ከ18 እስከ 45 አመት ያለ ነጭ ወንድ ሁሉ ጠመንጃውን ከነሳንጃው፣ ሁለት ትርፍ የእሳት ድንጋይ፣ የጀርባ ቦርሳና ቢያንስ 24 ጥይት ከራሱ ኪስ ገዝቶ እንዲገኝ ያዛል። የኛ አገር ቀበሌ ሚሊሻ ይሄን ቢያነብ እንዴ ስለኔ ነው የተጻፈው ነው የሚለው።

እዛው ህግ ውስጥ ታዲያ ለያንዳንዱ ብርጌድ አንድ ኢንስፔክተር ይመደብ ይላል። ስራው ሚሊሻው በተሰበሰበ ቁጥር እዛው ተገኝቶ መሳሪያውን፣ ጥይቱንና ትጥቁን እያየ መመርመር፣ ከዛ ቢያንስ በአመት አንዴ ለክፍለ ሀገሩ አድጁታንት ጄኔራል (የሚሊሻውን መዝገብ ለሚይዘው ሹም) ዝርዝር ማቅረብ ነው። አድጁታንቱ ለአገረ ገዢው ያቀርባል። መንግስት ያኔ ገንዘብ የለው ምን የለው፣ ጠመንጃውን እንኳን መግዛት ያልቻለ መንግስት መርማሪውን ግን አልረሳም። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው የሚመስለኝ።

ህጉ ጥሩ ነበር አፈጻጸሙ ግን ተበላሸ፣ ይሄንንም መደበቅ የለብኝም። አመቱ ሲያልፍ ዝርዝር የሚልክ ክፍለ ሀገር እየቀነሰ፣ መርማሪውም እየሰነፈ ሄዶ የሰልፉ ቀን ሰው ጠመንጃ በመያዝ ፈንታ የበቆሎ አገዳና መጥረጊያ እንጨት ተሸክሞ የሚመጣበት፣ ጠጥቶ የሚበተንበት ቀልድ ሆኖ ቀረ። ወረቀት ላይ ግን ሚሊሻው ከሚሊዮን በላይ ነው። አገዳ የያዘውም ታጣቂ ተብሎ ተቆጥሯላ!

ከዛ ሰሜኖቹና ደቡቦቹ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነታቸው መጣ። ሚያዝያ 15 ቀን 1861 (በነሱ አቆጣጠር) ፕሬዝዳንቱ ሊንከን 75 ሺህ ሚሊሻ ለሶስት ወር ይምጣልኝ ብሎ አዋጅ አወጣ። ሰውን የሚሰበስበው አገረ ገዢው ነው፣ ቀለብና ደሞዝ የሚከፍለው ግን ማዕከላዊው መንግስት ነው፣ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አዛዥና ከፋይ ሲለያዩ መሀል ላይ የሚቆም ሰው የግድ ይላል፣ አለበለዚያ አገረ ገዢው 1000 ሰው ልኬአለሁ ይላል፣ ከፋዩ ደግሞ የ1000 ሰው ይከፍላል፣ ሜዳው ላይ ያለው 600 ነው። ስለዚህ ሚሊሻው ካምፕ ሲደርስ ከመደበኛው ጦር የተላከ መኮንን ስም እየጠራ፣ ሰውየውን በአይኑ እያየ፣ ቃለ መሀላ እያስገባ ነበር የሚረከበው። መስተር ሮል የሚሉት የስም መዝገብ የሚወጣው ከዛ ነው። ከዛ በኋላም በየሁለት ወሩ መጨረሻ ሰራዊቱ ተሰልፎ ስም ጥሪ ይደረጋል፣ ደሞዝ የሚታሰበው በዛ ነው፣ ለተራው ወታደር በወር 13 ዶላር፣ እሷም ብዙ ጊዜ ዘግይታ ነው የምትመጣው።

ሚዙሪ የሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነገሩ የባሰ ተወሳስቦ ነበር። አገረ ገዢው የራሱን ሚሊሻ አቋቋመ፣ ትጥቁን ልብሱንና ደሞዙን ዋሽንግተን ልትችል ተስማማች፣ ከዛ ወጪው አስደንግጧት መሰለኝ በ1862 መጀመሪያ ላይ ኮንግረሱ (ምክር ቤታቸው) ከ10 ሺህ ሰው አይበልጥም ብሎ ጣሪያ አበጀለት። አስቡት እንግዲህ፣ ጣሪያ ሲኖር ቆጣሪ ከሌለ ምን ዋጋ አለው።

የምርመራውን ቀን ሁኔታ ላንሳና (ይሄን ክፍል እወደዋለሁ)። ያኔ ጠመንጃው በአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው፣ ባሩድና ጥይቱን የሚጠቀጥቁበት ቀጭን የብረት ዘንግ አለው። መርማሪው በሰልፉ ፊት ለፊት እያለፈ ሲመጣ ወታደሩ ያንን ዘንግ ባዶው አፈሙዝ ውስጥ ይለቀዋል። ውስጡ ንጹህ ከሆነ ብረት ከብረት ተጋጭቶ ቅጭል ብሎ ይጮሃል፣ ቆሻሻ ካለ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። መርማሪው ማየት ሁሉ አያስፈልገውም ጆሮው ይበቃዋል። ቀጥሎ የጥይት ኮሮጆውን ያስከፍታል፣ ቦርሳውን መሬት ላይ ያስዘረግፋል፣ ካልሲ አለህ ወይ፣ ብርድ ልብስህ የታለ፣ ኮዳህ ያፈሳል ወይ ይላል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ድስት ይከፍታል። ህመምተኞች የተኙበት ሄዶ ያያል። ሲጨርስ ይጽፋል።

ዛሬ ክላሽ በአፈሙዙ ባይጎርስም የሚታይ ነገር ሞልቷል፣ የካዝናው ሞላ ደክሞ እንደሆነ፣ ጥይቱ አረንጓዴ ዝገት ይዞ እንደሆነ፣ ማንገቻው በሲባጎ የታሰረ እንደሆነ። ደጋ ላይ ሌሊት የሚያድረው ልጅ ጋቢ አለው ወይስ በሸሚዝ ነው ያለው? የደላንታና የወገልጤና ብርድ እኮ ጠላት አይመርጥም። በሶውና ቆሎው ከእናቱ ቤት የመጣ ነው ወይስ ከመጋዘን፣ ከመጋዘን ነው ከተባለስ መጋዘኑ ወጪ ያደረገበት ሞዴል 22 የታለ።

ጌቲስበርግ የሚባለው የዛ ጦርነት ትልቁ ውጊያ በ1863 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ካለቀ በኋላ ከሜዳው ከ27 ሺህ በላይ ጠመንጃ ተለቅሞ ተመርምሮ ነበር። 24 ሺህ የሚሆነው እንደጎረሰ ነው የተገኘው፣ ከዛ ውስጥ 12 ሺህ ገደማው ሁለቴ የጎረሰ፣ 6 ሺህ የሚሆነው ከሶስት እስከ አስር ጊዜ ጥይት የተደራረበበት፣ አንዱማ 23 ጊዜ ጎርሷል። እንግዲህ ሰውየው በጭንቀቱ ሳይተኩስ እያጎረሰ፣ ወይ ተኩሻለሁ ብሎ እያሰበ፣ በጭሱና በጩኸቱ መሀል መሳሪያው ዱላ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ይሄን ማንም ሰው ቢሮ ሆኖ ሊያውቀው አይችልም ነበር፣ አንስቶ ያየ ሰው ስለነበረ ነው እኛ ዛሬ የምናውቀው።

ከዛው ውጊያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ለሚሊሻ ነገር የበለጠ የሚቀርብ ታሪክ አለ። የደቡቦቹ ጦር ፔንሲልቫኒያ ሲገባ ክፍለ ሀገሩ ድረሱልኝ ብሎ የአስቸኳይ ጊዜ ሚሊሻ ጠራ። 26ኛ የተባለው ሬጅመንት (የጦር ክፍል ነው) ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎች ሁሉ ነበሩበት፣ ሰኔ 22 ተመዘገቡ፣ ሰኔ 26 የለመደ ጦር ፊት ቆሙ። አራት ቀን! ገጠሙ ለማለትም ይከብዳል፣ ተበተኑ፣ 175 የሚሆኑት ተማረኩ። የትኛውም መርማሪ በአራት ቀን ተማሪን ወታደር ሊያደርግ አይችልም፣ እሱን አልልም፣ ግን መርማሪ ማለት አገረ ገዢውን ይሄ ሬጅመንት አልደረሰም ድልድይ ይጠብቅ እንጂ ፊት ለፊት አይሰለፍ ለማለት ድፍረቱም ስልጣኑም ያለው ሰው ነው። አዛዡ ራሱ ይሄን ቢል ፈሪ ይባላል። መርማሪው ግን ለዛ ነው የተላከው።

ወደራሳችን ስመለስ ሆዴን የሚበላኝ የ1968ቱ የራዛ ዘመቻ ነው፣ ወጣቶቹ ስሙንም አታውቁት ይሆናል። ከወሎም ጭምር ገበሬ ከእርሻው እየተነሳ ኋላ ቀር መሳሪያ ይዞ፣ በወጉ ሳይሰለጥን ወደ ኤርትራ ሊዘምት ተላከ፣ ዘላምበሳ አካባቢ ሳይሻገር ተመቶ ተበተነ። በቀጣዩ አመት ነው መንግስት ታጠቅ ጦር ሰፈር 300 ሺህ ገደማ ነው የተባለውን ሚሊሻ አሰልጥኖ ዩኒፎርም አልብሶ አዲስ አበባ ላይ ያሰለፈው። በመሀሉ ያለቀው ገበሬስ? ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው በሰልፉ መሀል አልፎ መሳሪያውን አይቶ ይሄ ሰው እንዲህ ሆኖ አይላክም ቢል ኖሮ እላለሁ ሁሌ፣ ግን ያኔ እንዲህ የሚል ሰው ራሱ ወዴት እንደሚላክ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዛ የድሮዎቹ ይሻላሉ እንዴ ያሰኛል አንዳንዴ። ምኒልክ በ1888 ለአድዋ ክተት ሲሉ ለሸዋ ሰው ቦታም ቀንም ቆርጠው ነው የተናገሩት፣ ቦታው እዚሁ እኛው ጋ ወረኢሉ፣ ቀኑ እስከ ጥቅምት እኩሌታ። ቦታና ቀን ሲቆረጥ ማን መጣ ማን ቀረ፣ ማን ስንቅ ያዘ ማን አልያዘም መታየቱ አይቀርም፣ እያንዳንዱ መኳንንት ሰውን ይዞ በሰልፍ ሲገባ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። በኛ ዘመን ክተት ሲታወጅ ግን ደሴ ላይ ያየሁት ሰው ከየወረዳው በአይሱዙ እየተጫነ ሲመጣ፣ ከአንዱ መኪና ወርዶ ሌላው ላይ ሲወጣ፣ የኩታበሩ ከሀይቁ፣ የሀይቁ ከጃማው ሲቀላቀል ነው። ጀግንነቱ ላይ አንዲት ቃል አይወጣኝም። ቆጣሪ ግን አላየሁም።

አሁን ወደዋናው ጉዳዬ ልምጣ፣ እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው። አንዲት የማውቃት እናት አለች፣ ባሏ ያኔ ወጥቶ አልተመለሰም። ሲወጣ ያየው ጎረቤት ሞልቷል፣ የወደቀበትን ቦታ የሚያውቅ አብሮት የነበረ ልጅም አለ። እንግዲህ ለልጆቿ ትንሽ ድጋፍ ቢገኝ ብላ አንድ ቢሮ ስትሄድ የተሰማራበትን ደብዳቤ አምጪ አሏት፣ ደብዳቤ የለም፣ ስሙ ያለበትን ዝርዝር አምጪ አሏት፣ ዝርዝር የለም፣ ምስክር አምጪ አሏት አመጣች፣ ከዛ ምስክሮቹ ራሳቸው መዝመታቸው በምን ይረጋገጣል ተባለች። ቢሮውን ልወቅስ አይደለም፣ እኔም ብሆን ወረቀት በሌለበት ወጪ አላደርግም ነበር፣ ንብረት ክፍል የኖረ ሰው ይሄን ያውቃል። ጥፋቱ ያለው ሰውየው መኪናው ላይ ሲወጣ ነው። ያኔ አንድ ሰው ስምህ ማን ነው፣ የመሳሪያ ቁጥርህ ስንት ነው፣ ቤት ማን ቀረ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ይቺ ሴት ቢሮ ለቢሮ አትንከራተትም ነበር።

አሜሪካኖቹ ጦርነቱ ገና እየተፋፋመ በ1862 የጡረታ ህግ አወጡና የተራ ወታደር ሚስት ባሏ ከሞተባት በወር 8 ዶላር እንድታገኝ ደነገጉ። ጥያቄዋ ሲመጣ የሚመሳከረው ከምን ጋር ነው ብትሉ ከዛው ከስም መዝገቡ ጋር ነው። በየሁለት ወሩ አሰላለፉ መካከል ሄዶ አለ፣ የለም፣ ታሟል፣ ሞቷል፣ ኮብልሏል እያለ ምልክት ያደረገው ሰው ያኔ ምናልባት ጦሩን ሲያሰለች የዋለ መስሎት ይሆናል፣ ከአመታት በኋላ ግን የባልቴቷን እንጀራ የወሰነው የሱ ጽሑፍ ነው። ለዛ ነው ኢንስፔክሽን ቅንጦት ነው ሲባል ደሜ የሚፈላው። ለደሞዝተኛው ወታደር የደሞዝ ሊስት አለለት፣ ፋይል አለው፣ መታወቂያ አለው። ሚሊሻው ደሞዝ የለው ፋይል የለው፣ መኖሩን የሚመሰክርለት ቆጣሪው ብቻ ነው።

እሺ መርማሪ ይኑር ካልን ደግሞ ምን አይነት የሚለው አለ። የኛ አገር ሱፐርቪዥን የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ላንድክሩዘር ይመጣል፣ አምስት ሰው ይወርዳል፣ ቼክሊስት ይሞላል፣ ጥብስ ይበላል፣ ውሎ አበሉ ይታሰባል፣ በሚቀጥለው ሩብ አመት ያንኑ ቼክሊስት ይዞ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ ቀድሞ ደውሎ ነው፣ ስለዚህ ተበድሮም ቢሆን ሁሉም ነገር በቦታው ይገኛል። እሱን ከሆነ አላማረኝም፣ ይቅርብን።

መርማሪ እንዲህ ነው የምለው ቮን ስቱበን የሚባለውን ነው፣ ጀርመናዊ ነው፣ አሜሪካኖቹ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ በ1778 የመጣላቸው። ቫሊ ፎርጅ ካምፕ ሲደርስ ያየውን ሳይሸፋፍን ነው የጻፈው፣ 30 ሰው ብቻ የቀረው ሬጅመንት፣ አንድ አስር አለቃ ብቻ የቀረው ሻምበል አይቻለሁ ብሏል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ሙሉ ስም አላቸው እኮ። ጊዜውን የጨረሰ ወታደር ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ስለነበር በየዘመቻው ከ5 እስከ 8 ሺህ ጠመንጃ መተካት ግድ ነበር፣ እሱ የምርመራ ስርዓቱን ከዘረጋ በኋላ ግን በአንዱ ቆጠራ ሶስት ብቻ ጎደለ፣ ሶስቱም የት እንደገቡ ታወቀ። ሰውየው ኢንስፔክተር ጄኔራል ሲባል ሹመቱን ያጸደቀው ኮንግረስ ነው፣ የሚመረምራቸው አዛዦች ሹመኛ አልነበረም፣ ነገሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል። የወረዳው አዛዥ የሾመው መርማሪ የወረዳውን አዛዥ እንዴት አድርጎ ነው የሚመረምረው፣ ነገ በግምገማ ያወርደዋል።

አንድ ከባድ መቃወሚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። የስም ዝርዝር ማለት አደጋም ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን፣ በየቢሮው ፋይል መሬት ላይ ተበትኖ ነበር፣ ሰው ዝርዝር ውስጥ ስሜ አለ ብሎ ሲሸሽ ልጆቹን እንኳን ሳይሰናበት የወጣ አለ። አሁንም ሁኔታው በማይታወቅበት ሰዓት የታጣቂ ስም ቀበሌ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ የሰው ህይወት ላይ መጫወት ነው። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ልተወውና ለዚህ የሚሆን መፍትሄ ግን የለም አይባልም፣ ቀበሌው ጋ ቁጥር ብቻ ይቅር፣ ስሙና ቁጥሩ የሚገናኝበት መዝገብ ሌላ ከተማ ይቀመጥ፣ መርማሪው ሲመጣ ይዞ ይምጣ ሲሄድ ይዞ ይሂድ። ባንክ የሰውን ገንዘብ እንዲህ አድርጎ ያስቀምጥ የለም እንዴ። ለሚሊሻው ራሱ ደግሞ ወይም ለሚስቱ፣ ወይም ለእናቱ፣ ማህተም ያለው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጥ፣ መሬት ትቅበረው፣ ቁርአኑ ወይ ዳዊቱ ውስጥ ትደብቀው፣ እሱ የሷ ጉዳይ ነው፣ ዋናው በእጇ መኖሩ ነው።

ደግሞ መርማሪው ሲመጣ ሽማግሌዎች አብረው ይቁሙ እላለሁ። በኛ በወሎ ሸሁም ቄሱም አንድ ላይ ተቀምጠው ነገር ሲጨርሱ ነው የኖሩት፣ የመንደሩ ሰው ማን ወጣ ማን ተመለሰ ብትሏቸው ያለ መዝገብ ያውቁታል። አዛዡ 40 ሰው አለኝ ሲል ሽማግሌው ኧረ የሸህ እከሌ ልጅ ጅቡቲ ከሄደ ቆየ እኮ ይሉታል፣ በቃ አለቀ፣ የትኛውም ሶፍትዌር እንደዚህ አያጣራም። ሚሊሻው ቅሬታውን የሚናገርበት ሰዓትም ይኑረው፣ አዛዡ በሌለበት። ቀለብ ደርሶህ ያውቃል ወይ ብሎ አዛዡ አጠገብ ቆሞ መጠየቅ መጠየቅ አይደለም።

ከእናንተ ከጋዜጣዎቹ የምፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። የሚመለከተውን ክፍል ሶስት ነገር ጠይቁልኝ፦ በጦርነት የተሰማራ ሚሊሻ ስም ዝርዝር በስንት ጊዜው ከሜዳ ካለው ሰው ጋር ይመሳከራል፣ የሚያመሳክረው ሰው ሪፖርት የሚያደርገው ለማን ነው፣ በ2013ና በ2014 ወጥቶ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ቤተሰብ አሁን ምን ቢያቀርብ ይበቃል። የመጨረሻዋን ጥያቄ መልስ በትልቁ ፊደል አውጡልኝ፣ ከላይ የነገርኳችሁ እናት ጋዜጣ አታነብም ግን ልጇ አምስተኛ ክፍል ነው ያነብላታል።

ደብዳቤው ረዝሞባችሁ ከሆነ የፈረንጆቹን ታሪክ ቁረጡትና የሷን ተዉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የንብረት ክፍል ሰራተኛ፣ ከደሴ